አቃቂም እኮ ጣቢያ ነበራት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ስለ ለገሃር የድሮ ባቡር ጣቢያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደስ ይላል። አንበሳው አለ፣ ንጉሡ አሉ፣ የድሮው ፎቶ አለ። አንብቤ ስጨርስ ግን "እኛስ?" አልኩ። እኛ ስል አቃቂዎችን ማለቴ ነው። ጽሑፋችሁን ያነበበ ሰው ባቡሩ ለገሃር ላይ አፏጭቶ ድሬዳዋ ላይ ዱብ ያለ ነው የሚመስለው። በመሃል አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ አሉ። በእያንዳንዱ ጣቢያ ነበር፣ በየጣቢያው ደግሞ ኑሮውን በባቡሩ ሰዓት የሚለካ ሰው።

ይህን የምጽፈው ትዝታ አምሮኝ ብቻ አይደለም። የምጠይቀው ነገር አለኝ። እሱ ጋ ከመድረሴ በፊት ግን ትንሽ ወደኋላ ልመለስ፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ስለ ስሙ። እናቶቻችን ወፍጮ ቤቱንም "ባቡር" ይሉት ነበር፣ መርከቡም ባቡር ነበር። ሞተር ያለውና ጢስ የሚተፋው ሁሉ ባቡር ስለሆነ በሐዲድ የሚሄደውን ለመለየት "ምድር ባቡር" ተባለ። ለገሃር ደግሞ የፈረንሳዮቹ "ላ ጋር" ነው፣ ጣቢያው ማለት። ስለዚህ "ለገሃር ባቡር ጣቢያ" ስንል ጣቢያውን ሁለቴ እየጠራነው ነው። ይሁን፣ ማንን ጎዳ።

ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሐዲድ የመዘርጋት ፈቃዱ የተሰጠው በ1886 ዓ.ም ነው። አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡት። ሥራው በ1890 ዓ.ም ከጅቡቲ ተነሣ፣ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ደረሰ። ድሬዳዋ ያኔ ይሄ ነው የሚባል ከተማ አልነበረችም። ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ከብዶት ሜዳው ላይ ሲቀር ከተማዋ በጣቢያው ዙሪያ በቀለች። ከዚያ ሐዲዱን ይዘረጋ የነበረው ኩባንያ ገንዘብ አለቀበትና ከሰረ። በሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ እስኪተካ ድረስ ሥራው ቆሞ ዓመታት ነጎዱ።

አሁን ወደኛ ሰፈር ልምጣ። ሐዲዱ በ1907 ዓ.ም ገደማ አቃቂ ደረሰ። ለአዲስ አበባ የቀረው 23 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። አዲስ አበባ የገባው ግን ግንቦት 30 ቀን 1909 ዓ.ም ነው። ሁለት ዓመት! ዛሬ ጠዋት ከአቃቂ ወደ ቃሊቲ በሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ይሄ ምንም አይገርመውም፣ እኔም አንዳንድ ቀን ከዚያ ብዙም የማይሻል ጉዞ የሄድኩ ይመስለኛል። ቀልዱን ትተን፣ ለሁለት ዓመት ያህል የዋና ከተማዋ ባቡር መጨረሻው አቃቂ ነበር ማለት ነው። ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ እኛ ጋ ይራገፍና የቀረውን መንገድ በእንስሳ ጀርባ ይሄዳል። ይህን ለሰፈሩ ልጆች ስነግራቸው ይስቃሉ። "ጋሼ፣ አቃቂ ወደብ ነበረች በለና" አለኝ አንዱ።

የለገሃር ሕንፃ ራሱ የተመረቀው ዘግይቶ፣ ኅዳር 24 ቀን 1922 ዓ.ም ነው። የአንበሳው ሐውልት በዓመቱ ፊት ለፊቱ ቆመ። ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወሰደው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመለሰ። ይህን ጽፋችኋል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም ንጉሡ አፄ ኃይለ ሥላሴ በባቡር ወደ ጅቡቲ መሄዳቸውንም ጽፋችኋል። ያ ባቡር ግን በእኛ በኩል ነው ያለፈው። አንድ መስመር ብትጨምሩ ምን ነበረበት?

ለምን ያን ያህል ብዙ ጣቢያ አስፈለገ? የድሮው ባቡር በእንፋሎት ነበር የሚሄደው። የእንፋሎት ባቡር ውኃ ይጠማዋል፣ በተለይ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወዳለች ከተማ ሲወጣ። ውኃ የሚጠጣበት ቦታ ጣቢያ ይሆናል። ሁለተኛው ምክንያት ሐዲዱ ነጠላ መሆኑ ነው። የሚወጣውና የሚወርደው ባቡር መንገድ ላይ ፊት ለፊት እንዳይገጣጠሙ አንዱ ጣቢያ ገብቶ በጎን ሐዲድ ላይ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል። ለዚህም የአንዱ ጣቢያ ሰው ለቀጣዩ "ተነሥቷል፣ ያዝልኝ" ብሎ ማሳወቅ አለበት። እና መንደሩ ትንሽ ቢሆንም ጣቢያው ቤት፣ የውኃ ጋን፣ ስልክና ሠራተኛ ነበረው። ባቡሩ ለውኃና ለመተላለፍ ብሎ ቆመ፣ ሰው በዚያው ተሳፈረ፣ ሻይ ቤት ተከፈተ፣ ገበያ ቆመ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጃል፣ ተሳፋሪው ድሬዳዋና አዋሽ ያድራል። አዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለው የድሮው ቡፌም ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ቡፌ ደላጋር አለ፣ ስሙን የማያውቅ ያገሬ ሰው የለም።

እኔ የደረስኩት በናፍታው ዘመን ነው። ደርግ ነበር፣ እኔ ሰባት ወይ ስምንት ዓመቴ። አያቴ ጣቢያው በር ላይ ቆሎና የተቀቀለ እንቁላል ትሸጥ ነበር። እንቁላሉን በነጠላ ጠቅልላ ሳፋ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ እንዳይቀዘቅዝ። ሰዓት አልነበራትም። ከጣቢያው ቤት ጎን አንድ ክንድ የምታህል የሐዲድ ቁራጭ በሽቦ ተንጠልጥላ ነበር፣ ሠራተኛው በብረት ሲመታት ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ድምጿ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ስትመታ አያቴ "በል ተነሥ፣ ከዱከም ተነሥቷል" ትለኛለች፣ ሳፋውን ጭንቅላቷ ላይ ታደርጋለች፣ እኔ የጨው ብልቃጧን እይዛለሁ። ባቡሩ ሲገባ መጀመሪያ መሬቱ ነው የሚንቀጠቀጠው። ከዚያ የናፍታው ሽታ ይመጣል። ከዚያ መስኮቱ ሁሉ እጅ ይሆናል፣ ሳንቲም የያዘ እጅ። እንቁላሉን አቀብላ፣ ብሩን ተቀብላ፣ መልስ ሰጥታ፣ ጨው በወረቀት ጠቅልላ፣ ይሄ ሁሉ ባቡሩ በቆመባት ጥቂት ደቂቃ ውስጥ። አንዳንዱ ተንኮለኛ ባቡሩ እስኪነቃነቅ ጠብቆ ነው ሂሳብ የሚያወጣው። አያቴ ታዲያ ከፉርጎው እኩል እየሮጠች ትቀበለዋለች፣ አንድም ቀን ተበልታ አላየሁም።

ሦስተኛ ማዕረግ ነበር የምንሳፈረው። የእንጨት አግዳሚ፣ ጠባብ፣ የማይመች። ቲኬቷ የጣት ርዝመት ያላት ወፍራም ካርቶን ነበረች፣ ኮንትሮሎሩ ይበሳልሃል። እኔ የተበሳችውን ሰብስቤ ካርታ እጫወትባት ነበር። ከታች የሚመጣው ሰው፣ ከድሬዳዋ ማለቴ ነው፣ ልባሽ ጨርቅ ሰውነቱ ላይ አምስት ስድስት ደርቦ ለብሶ ይመጣል፣ ፈታሽ እንዳይነጥቀው። በዚያ ሙቀት! አንዷ ሴትዮ አቃቂ ላይ ወርዳ ስታራግፈው ስትወርድ ከነበራት ውፍረት ግማሿ ሆነች። ልጅ ነበርኩና ደነገጥኩ።

ሠራተኛውም ይጠቀምበት ነበር። አቃቂ የፋብሪካ አገር ናት፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ እዚያ ነው። ፋብሪካው እዚህ የመጣው ሐዲዱና ወንዙ ስላሉ ነው ይሉ ነበር አባቴ፣ እሳቸውም የፋብሪካ ሰው ነበሩ። ያ ባቡር ዛሬ ፈረንጆቹ ለከተማ ዳር ነዋሪ እንደሚያሠሩት ዓይነት በየሩብ ሰዓቱ የሚመጣ አልነበረም፣ አላጋንንም። ይዘገያል። አንዳንድ ቀን ጭራሽ ይቀራል። ግን ሲመጣ እቤታችን ድረስ ነው የሚመጣው። ቁም ነገሩ ይሄ ነው፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ቀስ በቀስ ሞተ። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ መስመሩ ተቆርጦ ነበር። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም አዋሽ አጠገብ የደረሰው አደጋ ከ400 በላይ ሰው ገደለ፣ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ከከፉት አንዱ ነው። ያን ሰሞን አያቴ ሳፋዋን አላነሳችም። ከዚያ ሐዲዱ አረጀ፣ ድልድዩ አረጀ፣ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ጠፋ። በ2000 ዓ.ም ገደማ ከአዲስ አበባ የሚነሣው ባቡር ቆመ። ሥነ ሥርዓት የለ፣ ስንብት የለ። አንድ ቀን የሐዲዷ ቁራጭ አልተመታችም፣ በቃ። በኋላ የሐዲዱ ብረት በየግቢው የአጥር ቋሚ ሆኖ አየሁት። ሕፃን ልጅ ያለው ሰው ዥዋዥዌ የሰቀለበትም አለ።

ለሚቀጥሉት ዓመታት ታክሲ ሰልፍ ነበር ኑሯችን። ጠዋት 12 ሰዓት ካልወጣህ ሥራ አትደርስም። ከዚያ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም የከተማው ቀላል ባቡር ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ሥራ ጀመረ። እውነቱን እንናገር፣ ደስ ብሎን ነበር። ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ 39 ጣቢያ አላቸው፣ አምስቱን ይጋራሉ፣ ከአምስቱ አንዷ ለገሃር ናት። የመጀመሪያው ታሪፍ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ሳሪስ፣ አደይ አበባ፣ ንፋስ ስልክ፣ ላንቻ፣ ጠመንጃ ያዥ እያልክ እያንዳንዱን ሰፈር ከላይ እያየህ ትገባለህ። ባቡሯ ለገሃር ላይ ስትቆም በመስኮት የድሮው ጣቢያ ይታያል። እኔ ሁሌ በዚያ በኩል ነው የምቆመው።

መጨናነቁን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዱ ባቡር በልኩ ከተጫነ 286 ሰው ነው የሚይዘው ይላሉ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት የተሳፈረ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ የት አገር ነው ይላል። መጀመሪያ የመጡት 41 ባቡሮች ነበሩ፣ በመለዋወጫ እጦት ብዙዎቹ ቆመው በጥቂቶች የተሠራበት ጊዜም አልፏል። የኔ ቅሬታ ግን ሌላ ነው። መስመሩ ቃሊቲ ላይ ያልቃል። አቃቂ ከቃሊቲ ቀጥሎ ነው። በ1907 ዓ.ም ሐዲዱ እኛ ጋ ደርሶ አዲስ አበባ መግባት አቃተው፣ በ2008 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እኛ ጋ መድረስ አቃተው። ምን በድለን ነው?

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ።

አዲሱ የኢትዮጵያ ጅቡቲ ባቡር መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም ተመረቀ፣ መደበኛ ሥራውን ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም ጀመረ። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በኤሌክትሪክ ይሄዳል። የመንገደኛው ባቡር በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ነው የተሠራው። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፣ የአዲሱ አንድ ሜትር ከ43 ሴንቲ ሜትር ተኩል። ሰፊና ፈጣን መስመር ጠባብ ጥምዝ አይወድም፣ ከተማ መሃል ቤት አፍርሶ መግባትም ብዙ ወጪ ነው። ስለዚህ በከተሞቹ ዳር ዳር ሄደ። ጣቢያዎቹም ዳር ወጡ። የአዲስ አበባው ለቡ ነው፣ ፉሪ ለቡ። ቀላል ባቡሩ እዚያ አይደርስም። ከለገሃር ተነሥቶ ወደ አዳማ መሄድ የፈለገ ሰው ባቡር ለመሳፈር ሌላ ትራንስፖርት መያዝ አለበት። ምክንያቱ ይገባኛል፣ መሐንዲሱን አልወቅስም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

አንድ ቀን የገጠመኝን ልንገራችሁ። የቱ ጣቢያ እንደሆነ አልጽፍም። በባቡር ደረስኩ፣ ጉዞው ራሱ እንከን የለውም፣ ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ፣ መንገጫገጭ የለ። ስወርድ መሽቷል። ጣቢያው ትልቅ ነው፣ ሠርግ አዳራሽ ያክላል። በሩ ላይ ስደርስ ግን ሰፊ ባዶ ሜዳ። መብራት የለም። አውቶቡስ የለም። ሦስት ባጃጅ ቆሟል፣ እኛ ወደ ሃምሳ ሰው ነን። አንዱ ባጃጅ የጠየቀኝ ዋጋ ለባቡሩ ከከፈልኩት ይበልጣል። አጠገቤ አንዲት ልጅ የታመሙ እናቷን ይዛ ነበር፣ እሷ ትቅደም ተባባልንና አሳፈርናት። የቀረነው በስልክ መብራት እየታገዝን፣ ውሻ እየጮኸብን፣ አስፋልት እስክናገኝ በእግር። አንድ ሰውዬ "ባቡሩ አንድ ሰዓት አተረፈልኝ፣ እግሬ መልሶ በላው" አለ። ሳቅን። ያኔ ነው የአያቴ ጣቢያ ትዝ ያለኝ። ወንበሯ እንጨት፣ ቤቷ ሁለት ክፍል፣ ግን ከበሯ እስከ እኛ ቤት ሰላምታ ተሰጣጥተህ ሳትጨርስ ትደርሳለህ።

እና የምለው ይሄ ነው። ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው ወደ 115 ኪሎ ሜትር የሚሆን መስመር ባለ ሁለት ሐዲድ ነው። ከአዳማ ወዲያ ነው ነጠላ የሚሆነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ባለ ሁለት ሐዲድ ማለት የሚሄደው በአንዱ የሚመጣው በሌላው፣ እንደ ድሮው አንዱ ቆሞ ሌላውን መጠበቅ የለም ማለት ነው። የረጅሙን መንገድ ባቡር ሳይነኩ ጠዋትና ማታ በዚህ መሃል አጭር ባቡር ማመላለስ ይቻላል። ከሰበታ፣ ከለቡ፣ ከእንዶዴ፣ ከቢሾፍቱ፣ ከሞጆ፣ ከአዳማ ሠራተኛና ተማሪ የሚጭን። አስቡት፣ ዱከምና ቢሾፍቱ አካባቢ ያለውን ፋብሪካ ሁሉ። ስንት ሰው ነው በየቀኑ በሃይገርና በሚኒባስ ተጨናንቆ የሚመላለሰው? ስንቱ ነው ቤት ኪራይ ርካሽ ፍለጋ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ደሞዙን ለትራንስፖርት የሚገብረው? ጠዋትና ማታ በየግማሽ ሰዓቱ የሚመላለስ ባቡር በዚህ መስመር ላይ እስካሁን አላየንም። ሐዲዱ ግን ተዘርግቷል፣ ሽቦውም ተወጥሯል።

መስመሩ የተሠራው ለጭነት ነው የሚለኝ ሰው አለ፣ ልክ ነው። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ በዚያ ነው የሚያልፈው፣ ማዳበሪያውም ስንዴውም። ጭነት ይቅር አላልኩም። ጭነቱ በሰዓት እስከ 80 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው፣ ከመንገደኛው ባቡር ይዘገያል፣ ሁለቱን በአንድ ሐዲድ ማስኬድ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ከጠዋቱ 12 እስከ 2፣ ከሰዓት ከ11 እስከ 1 ሰዓት መንገዱን ለሰው ከለቀቁት ጭነቱ የቀረው ቀንና ሙሉ ሌሊት አለው። ሌላው ዓለም በዚህ መልኩ ነው የሚያስኬደው። ሌላው ችግር ከብት ነው፣ መስመሩ ላይ የሚገባ ከብትና ግመል ያስቸገረበት ጊዜ ብዙ ነው። ለዚያ አጥርና መሿለኪያ ነው መልሱ፣ ለከብቱም ለገበሬውም። መብራት ይጠፋል የሚልም አለ። ይጠፋል። ታዲያ ነዳጅ አይጠፋም እንዴ? የማደያውን ሰልፍ ያላየ ማን አለ?

እንዶዴን በተለይ ላንሳ፣ ምክንያቱም ለእኛ ለአቃቂዎች ቅርቡ እሱ ነው። በዋናነት የጭነት ጣቢያ ነው። ማንም ሰፊ አዳራሽ ሥሩልን አላለም። አንድ መቆሚያ፣ ከዝናብ የሚያስጥል ጣሪያ፣ መብራት፣ መጸዳጃ ቤት። ባቡሩ ሲደርስ በሩ ላይ የሚጠብቅ አንድ አውቶቡስ፣ እስከ አቃቂ ገበያና እስከ ቃሊቲ ቀላል ባቡር የሚሄድ። በቃ። ባቡሩ ዘግይቶ ከመጣ አውቶቡሱም ይጠብቅ። ሰዓቱ በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ፣ ስልክ የሌለውም እንዲያነበው። ቲኬቱ መታወቂያ ተይዞ ከቀናት በፊት የሚቆረጥ ሳይሆን እንደ ከተማ አውቶቡስ ደርሰህ የምትቆርጠው ይሁን፣ በጥሬ ብርም በቴሌብርም። ለቡ ላይም እንዲሁ፣ ከሜክሲኮ ወይም ከለገሃር በባቡሩ ሰዓት የሚነሣ አውቶቡስ ይመደብ። ይሄ ብድር የሚጠይቅ ነገር አይደለም፣ የሁለት መሥሪያ ቤት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሰዓት ማስማማት ነው የሚጠይቀው። ወይስ እሱ ነው ከባዱ?

እና እባካችሁ፣ በሩ ላይ እንቁላል የምትሸጠውን ሴትዮ አታባርሯት። ቦታ ስጧት። ጣቢያ ሲመሽ የሚያስፈራው ሰው ሲጠፋበት ነው፣ ሻይ የምታፈላ አንዲት ሴት ካለች ግን ለብቻዋ የወረደች ልጅም አትፈራም።

አንድ ሌላ ነገር ብዬ ላብቃ። ለገሃር አካባቢ በ2011 ዓ.ም ይፋ የሆነው 36 ሄክታር የሚሸፍን ትልቅ የግንባታ ፕሮጀክት የድሮውን ጣቢያ በቅርስነት እንደሚያቆየው ተነግሯል። መልካም ነው። የአቃቂን፣ የዱከምን፣ የቢሾፍቱን፣ የሞጆን የድሮ ጣቢያዎች ግን ማን መዘገባቸው? ግድግዳም፣ የውኃ ጋንም፣ የቀረ ነገር ካለ ሳይፈርስ ፎቶ አንሺያችሁን ይዛችሁ ኑ። የሠሩባቸው ሽማግሌዎች አሁንም በየሰፈሩ አሉ፣ እየቀነሱ ነው እንጂ። ቅዳሜ ከሰዓት ብትመጡ ሁለቱን የማገኝላችሁ እኔ ነኝ። አንደኛው ያቺን የሐዲድ ቁራጭ ይመታት የነበረው ሰውዬ ነው፣ ቁራጯንም እቤቱ አስቀምጧታል፣ በር ማቆሚያ አድርጓት።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የአቃቂ ነዋሪ